እውነት ወይስ ተረት? «ብረቱ ከወፈረ መርከቡ አይደፈርም»

ክፋር ጋኒም ከባሕር ራቅ ያለ ሰፈር ነው። በፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ሲሆን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሏል። የጦር መርከብ ወሬ ግን እዚህም አይጠፋም። ግዳጁን በባሕር ኃይል የሚወጣ ልጅ ያለው አለ፤ ከኢትዮጵያ የመጡት ሽማግሌዎች ምጽዋን ያነሣሉ፤ ዜናው በየጊዜው ስለ ሚሳኤልና ስለ ድሮን ያወራል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ «ድሮ መርከብ ማለት ብረት ነበር፤ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» ይላል፤ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ያጸድቅለታል። በአባባሉ ውስጥ እውነት አለ፤ ተረቱ ግን ይበዛል። ከሚደጋገሙት አንዳንዶቹን እናንሣቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ብረት ለበስ መርከብ የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው»

ተረት። ማርች 9 ቀን 1862 «ሞኒተር» እና «ቨርጂኒያ» የተባሉ ሁለት መርከቦች በሃምፕተን ሮድስ ገጥመው ሳይሸናነፉ መለያየታቸው እውነት ነው። ብረት ለበስ ከብረት ለበስ ጋር ሲዋጋ ያ የመጀመሪያው ነበር። መርከብን ብረት ማልበስ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ታሪኩም ከምናስበው በላይ ለእኛ ይቀርባል።

በኖቬምበር 1853 የሩሲያ መርከቦች ሲኖፕ ወደብ ላይ መልሕቁን ጥሎ የቆመውን የኦቶማን ቱርክ የመርከብ ጓድ በሚፈነዳ የመድፍ ጥይት አቃጠሉት። ከዚያ በፊት የተለመደው ድፍን ጥይት የእንጨት መርከብን ቢበሳም ቀዳዳው ይደፈንና ውጊያው ይቀጥል ነበር። የሚፈነዳው ግን እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ እሳት ይለቃል። ሲኖፕ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ወደ ክራይሚያ ጦርነት ከጎተቷቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት በ1855፣ ኦክቶበር 17 ቀን፣ ፈረንሳዮች «ላቭ»፣ «ቶናንት» እና «ዴቫስታሲዮን» የሚባሉ ሦስት ተንሳፋፊ የመድፍ ምሽጎች ይዘው ወደ ሩሲያው የኪንበርን ምሽግ ተጠጉ። በወፍራም እንጨት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብረት ለብሰው ነበር። ጥይቱ እየነጠረ ተመለሰ፤ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ቴዎድሮስ በጋፋት ላሠሩት ትልቅ መድፍ «ሴባስቶፖል» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ጦርነት ነው።

ፈረንሳይ በ1859 «ግሏር»ን ውኃ ላይ አወጣች፤ እንግሊዝ በ1860 በ«ዋሪየር» መለሰች። አሜሪካኖቹ ገና ጦርነታቸውንም አልጀመሩም።

«ስስ ብረት ተደራርቦ ከአንድ ወፍራም ብረት ይበልጣል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለመሳሳትም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ራሷ «ሞኒተር» ናት። የምትሽከረከረው የመድፍ ማማዋ ባለ አንድ ኢንች ዝርግ ብረት ስምንት ጊዜ ተደርቦ የተሠራ ነበር፤ በድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር። ባላንጣዋ «ቨርጂኒያ»ም ባለ ሁለት ኢንች ብረት ሁለት ጊዜ ደርባ፣ ከጀርባው 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የባሉጥና የጥድ እንጨት ይዛ ነው የገጠመችው። ሁለቱም አልተሸነፉም፤ ስለዚህ መደረብ ይሻላል ተባለ።

ነገር ግን የ«ሞኒተር» ንድፍ ባለቤት ጆን ኤሪክሰን ስምንቱን የደረበው ጊዜ ስላልነበረው ነው። መርከቧ ተጀምራ ውኃ ላይ እስክትወጣ መቶ ቀን እንኳ አልሞላም። በዚያ ጥድፊያ 20 ሴንቲ ሜትር ድፍን ብረት የሚያወጣለት ፋብሪካ ከየት ይምጣ? ባለ አንድ ኢንቹ ግን ቶሎ ይገኛል። ደረበው፣ በብሎን አሰረው፣ ወደ ውጊያ ላከው።

ድርቡ ለምን ከድፍኑ ያንሳል? ዝርግ ብረት ጥይት ሲመታው መጉበጥ ይጀምራል። ለመጉበጥ እምቢ የሚልበት ግትርነት ደግሞ ከውፍረቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስሌቱን ብንገፋው፣ ባለ ስምንት ኢንች ድፍን ብረት ከባለ አንድ ኢንቹ 512 እጥፍ ይገትራል። ስምንት ባለ አንድ ኢንች ብረቶች ሳይጣበቁ ቢደረቡ ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ አብረው ይጎብጣሉ፤ ሁሉም ተደምረው የሚያመጡት ስምንት እጥፍ ብቻ ነው። በብሎን ሲታሰሩ ይሻላቸዋል፤ ድፍኑን ግን አይደርሱበትም። ብረት መበሳት አለመበሳቱን የሚወስነው ግትርነት ብቻ ስላልሆነ፣ በመድፍ ሙከራ ላይ ልዩነቱ ስድሳ አራት እጥፍ ሆኖ አይታይም። አቅጣጫው ግን ያው ነው፤ የብረቱ ዓይነትና ጠቅላላ ውፍረቱ እኩል ከሆነ፣ ድፍኑ ይበልጣል።

የብሎኑም ጣጣ አለ። ጥይቱ ብረቱን ባይበሳው እንኳ ምቱ ብሎኑን ይበጥሰዋል፤ የተበጠሰው ራስ ወደ ውስጥ ተወርውሮ መድፈኞቹን ይመታል። እንግሊዞች ኋላ ላይ የብሎኑን መካከለኛ ክፍል ከጥርሱ ይልቅ ቀጠን አደረጉት፤ ሲመታ ትንሽ ይሳባል እንጂ አይበጠስም። የጦር መሣሪያ መጻሕፍት ይህችን ማሻሻያ በአንድ መስመር ያልፏታል። ከማማው ውስጥ ለቆመ ሰው ግን ከአንድ ተጨማሪ ኢንች ብረት የምትሻል ይመስለኛል።

በሃምፕተን ሮድስ ሁለቱም የተረፉበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። «ቨርጂኒያ» በአመዛኙ የያዘችው ለእንጨት መርከብ የሚሆን የሚፈነዳ ጥይት ነበር። የ«ሞኒተር» መድፈኞች በበኩላቸው ባለ 11 ኢንች መድፋቸውን በ15 ፓውንድ ባሩድ ብቻ እንዲተኩሱ ታዘው ነበር፤ መድፉ 30 ፓውንድ እንደሚችል የታወቀው በኋላ ነው። ሁለት ተፋላሚዎች ግማሽ ክንዳቸውን አስረው ተደባድበው የሁለቱም ጋሻ ተመሰገነ።

መደረብ የሚጠቅመው ደረቦቹ የተለያየ ሥራ ሲይዙ ነው። ያንኑ ብረት መደጋገም ከሆነ የፋብሪካ ችግርን ማለፊያ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም።

«ከብረቱ ጀርባ ያለው እንጨት የአሮጌው ዘመን ቅሪት ነው»

«ዋሪየር» ቀፎዋ ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር፤ ለመንሳፈፍ እንጨት አያስፈልጋትም። ሆኖም 11.4 ሴንቲ ሜትር ከሚሆነው የብረት ጥሩሯ ጀርባ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ የቲክ እንጨት ሆን ተብሎ ገብቷል። እንጨቱ የምቱን ኃይል ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበትነዋል፤ ብረቱ ከቀፎው ጋር በቀጥታ ተጋጭቶ ብሎኑን እንዳይበጥስ መካከል ይገባል፤ ከብረቱ ጀርባ የሚፈነጠረውን ስብርባሪ ይውጣል። ብረቱ ጥይቱን ይገታል፤ እንጨቱ የተረፈውን ንዝረት ያስታግሳል።

ይህ ሐሳብ ጫፍ የደረሰው በ1881 አገልግሎት በጀመረችው በእንግሊዟ «ኢንፍሌክሲብል» ላይ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲቆጠር 12 ኢንች ብረት፣ 11 ኢንች ቲክ፣ እንደገና 12 ኢንች ብረት፣ በመጨረሻ 6 ኢንች ቲክ። ግድግዳው በጠቅላላ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታሪክ ከእሷ የወፈረ ጥሩር የለበሰ መርከብ የለም።

«የወፈረው ያሸንፋል»

ታዲያ ከ«ኢንፍሌክሲብል» በኋላ ጥሩሩ ለምን እየቀጠነ ሄደ? ብረቱ ራሱ ስለተለወጠ ነው።

ኢጣልያኖች በ1876 በላ ስፔዚያ 55 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሰሌዳዎች አቁመው ባለ መቶ ቶን በሚባለው መድፍ ደበደቧቸው። የተቀጠቀጠው ብረት ተበሳ። ከፈረንሳይ ክሩዞ ፋብሪካ የመጣው አረብ ብረት ተሰባበረ እንጂ ጥይቱን አላሳለፈም። ኢጣልያ ለ«ዱይሊዮ» እና ለእኅቷ «ዳንዶሎ» አረብ ብረቱን መረጠች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ምጽዋን የያዘችው ኢጣልያ በዚያ ዘመን በዓለም ከታወቁት ትልልቅ መድፎች የተሸከሙ መርከቦች ነበሯት። ዐፄ ዮሐንስም ዐፄ ምኒልክም የተፋጠጡት ጦሯን ነው እንጂ መርከቧን አይደለም፤ መርከብ ተራራ አይወጣም።

የላ ስፔዚያ ሙከራ ጥያቄውን በግልጽ አወጣው፤ ለስላሳ ብረት ይበሳል፣ ጠንካራ ብረት ይሰበራል። መልሱ ሁለቱን ማጋባት ሆነ። መጀመሪያ የአረብ ብረት ፊት ከለስላሳ ብረት ጀርባ ጋር ተጣብቆ ድርብ ብረት ተባለ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ሃርቪ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አንዱን ሰሌዳ ፊቱን በከሰል አልብሶ ለብዙ ቀናት በማጋል ፊቱ ብቻ እንዲጠነክር አደረገ። ከዚያ የጀርመኑ ክሩፕ ኒኬልና ክሮምየም በተቀላቀለበት አረብ ብረት ላይ ጥንካሬውን ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርጎ አስገባው። በጊዜው የነበረው ንጽጽር እንዲህ ነው፤ 15 ኢንች የተቀጠቀጠ ብረት የሚሠራውን 12 ኢንች ድርብ ብረት፣ 7.75 ኢንች የሃርቪ ብረት፣ 5.75 ኢንች ደግሞ የክሩፕ ብረት ይሠራዋል። ከ38 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ መውረድ ማለት ነው። ድርቡ አልጠፋም፤ አንድ ሰሌዳ ውስጥ ገባ እንጂ። ፊቱ ጥይቱን ይሰብራል፣ ጀርባው የራሱን ፊት ከመሰንጠቅ ይይዛል።

ጥይት ሠሪውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሩሲያዊው አድሚራል ማካሮቭ የጥይቱን ጫፍ ለስለስ ያለ ብረት ክዳን አለበሰው፤ ክዳኑ የጥይቱን ጫፍ ከመጀመሪያው ግጭት ይከላከልለትና ጠንካራው ፊት ሳይሰብረው ያልፋል። ማካሮቭ ራሱ የሞተው በ1904 ፖርት አርተር አጠገብ መርከቡ የባሕር ፈንጂ ስትነካ ነው። ፈንጂው የመጣው ጥሩሩ በሌለበት፣ ከታች ነበር።

«ኢጣልያኖች ጥሩር አያውቁም»

ይህን የሚሉት አድዋን እያሰቡ ከሆነ ይሁንላቸው። በመርከብ ጉዳይ ግን የተደራረበ ጥሩርን ከሁሉም በላይ አስበው ከሠሩት መካከል ናቸው። በ1934 በተጀመሩት የ«ሊቶሪዮ» ዓይነት መርከቦች ላይ የጎን ጥሩሩ ሁለት ነበር። ውጭ 70 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ፤ ከዚያ 25 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፤ ከዚያ 280 ሚሊ ሜትር ፊቱ የጠነከረ ሰሌዳ፤ ከእሱ ወዲያ ፍንጣሪ የሚይዙ ቀጫጭን ግድግዳዎች። ሁለቱ ሰሌዳዎች ዘንበል ብለው ቆመዋል።

የውጭው 70 ሚሊ ሜትር ትልቁን ጥይት ለማቆም አልታሰበም። ሥራው የማካሮቭን ክዳን ማስወለቅ ነው። ጥይቱ ሰሌዳውን ሲበሳ ክዳኑ ይሰበራል፤ ክፍተቱን ሲያቋርጥ ከክዳኑ ይለያል፣ ትንሽም ይዛባል፤ ዋናው ሰሌዳ ላይ ራቁቱን ይደርሳል። ክፍተቱ ባዶ መሆኑ ብልሃቱ ነው፤ ሁለቱ ሰሌዳዎች ቢጣበቁ ክዳኑ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄድ ነበር።

ኢጣልያ በ1936 አዲስ አበባን ይዛ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መሆኗን ካወጀች በኋላ፣ በ1938 የተጀመረችው የዚህ ዓይነት አራተኛ መርከብ ይህንኑ አዋጅ ለማክበር «ኢምፔሮ» ተባለች። ሳትጠናቀቅ ቀረች። በዚያው ዓመት የተጀመረችው «ሮማ» ተጠናቀቀች፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1943፣ ኢጣልያ እጇን በሰጠች ማግሥት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ከከፍታ በጣሏቸው «ፍሪትዝ ኤክስ» በተባሉ በሬዲዮ የሚመሩ ቦምቦች ተመታች። እያንዳንዳቸው ከ1.3 ቶን በላይ ይመዝናሉ። አንደኛው ወለሎቿን በስቶ ከቀፎዋ በታች ፈነዳ፤ ሌላው የጥይት ግምጃ ቤቷን ነካ። ከ1,200 በላይ ሰዎች አብረዋት ሰመጡ። ያ ሁሉ የተጠናና የተደራረበ የጎን ጥሩር አንዲትም ጥይት አልተተኮሰበትም።

ይህ ጥሩሩ ከንቱ ነበር አያሰኝም። ለተሠራለት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነበር፤ ጥያቄው ተቀየረበት። የጃፓኗ «ያማቶ»ም እንዲሁ ናት። የጎኗ ብረት 41 ሴንቲ ሜትር፣ የመድፍ ማማዋ ግንባር 65 ሴንቲ ሜትር ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 1945 አውሮፕላኖች በቶርፒዶና በቦምብ ጨረሷት።

«ጥሩሩ መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍናል»

አይሸፍንም፤ ሊሸፍንም አይችልም። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ወደ 785 ኪሎ ይመዝናል። አሜሪካኖች በ1912 ከተጀመረችው «ኔቫዳ» ወዲህ የመረጡት፣ ሞተሩንና የጥይት ግምጃ ቤቱን በተቻለ መጠን በወፍራም ብረት አጥረው የቀረውን ጨርሶ ባዶ መተው ነው። መካከለኛ ውፍረት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ትልቁን ጥይት አያቆመውም፣ ፊውዙን ግን ይቀሰቅስለታል።

ከውኃ በታች ደግሞ ድርቡ ብረት ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ «ቴነሲ» ጎን ላይ የተደረደሩ አምስት ክፍሎች ነበሩ፤ የውጩና የውስጡ ባዶ፣ የመካከሎቹ ሦስቱ በፈሳሽ የተሞሉ። የቶርፒዶው ጋዝ በመጀመሪያው ባዶ ክፍል ይሰፋል፤ ፈሳሹ ፍንጣሪውን ይይዛል፣ ግፊቱንም ሰፋ ባለ ግድግዳ ላይ ያካፍላል፤ የመጨረሻው ባዶ ክፍል ግድግዳው ሊጎብጥበት የሚችል ቦታ ይሰጣል። ለመርከቡ ማቃጠያ የተያዘው ነዳጅ ራሱ ጋሻ ሆነ። ከዚህ ሁሉ የጥሩር ታሪክ ለእኔ ብልሃቷ የምትጥመኝ ይህች ናት።

«ሼፊልድ የነደደችው አሉሚኒየም ስለነበረች ነው»

ሜይ 4 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት «ሼፊልድ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በኤክሶሴት ሚሳኤል ተመታች፤ በኋላም ሰመጠች። ወሬው እስከ ዛሬ ይዞራል፤ የላይኛው አካሏ ግን አረብ ብረት ነበር። አሉሚኒየም የነበራቸው በዚያው ጦርነት የጠፉት «አርደንት» እና «አንቴሎፕ» ናቸው። «ሼፊልድ»ን የጨረሳት እሳቱና ጭሱ፣ የእሳት ማጥፊያ ውኃ የሚሄድበት ዋና ቧንቧ መሰበሩም ነው።

«ኢላት ጥሩር ቢኖራት አትሰምጥም ነበር»

በእስራኤል ይህን መርከብ የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1944 ለእንግሊዝ የተሠራች፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተገዝታ «ኢላት» የተባለች ዲስትሮየር ናት። ኦክቶበር 21 ቀን 1967 ፖርት ሰይድ አቅራቢያ ስትዘዋወር፣ ወደብ ውስጥ ከነበሩ ትንንሽ የግብፅ ጀልባዎች የተተኮሱ፣ ስቲክስ የሚባሉ የሶቪየት ሚሳኤሎች መቷት። 47 ባሕርተኞች ሞቱ። ከመርከብ በተተኮሰ የሚመራ ሚሳኤል የሰመጠች የመጀመሪያዋ የጦር መርከብ ሆነች።

የዚያ ዘመን ዲስትሮየር ወፍራም ጥሩር አልነበረውም። ቀጭን ቀፎው የፍጥነቱ ዋጋ ነው። ብረት ብናለብሳትስ? ስቲክስ ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ የፈንጂ ራስ ተሸክሞ ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ይህን የሚችል ጥሩር ለመሸከም መርከቧ የድሮዎቹን ያህል ግዙፍ መሆን ነበረባት።

እስራኤላውያን በምትኩ የተጠቀሙበትን ለመረዳት ከፈረንሳይ ሼርቡር ያስመጧቸውን የ«ሳዓር» ጀልባዎች ማየት ነው። 45 ሜትር ርዝመት፣ ከ220 እስከ 250 ቶን ክብደት። በሁለቱ ጎኖች ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው የ10 ሴንቲ ሜትር ብረት ብንለጥፍባቸው ብረቱ ብቻ 140 ቶን ያህል ይመጣል። ጀልባ ሳይሆን መልሕቅ ይሆን ነበር።

ችግሩ ደግሞ የባሰ ነበር። የእስራኤሉ «ጋብሪኤል» ሚሳኤል የሚደርሰው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ስቲክስ 40 ያልፋል። ጠላትን ለመምታት መጀመሪያ በእሱ ክልል ውስጥ ሃያ ኪሎ ሜትር በሕይወት መጓዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠራው ድርብ ከብረት አልተሠራም። ሩቁ ደረብ የጠላትን ራዳር ቀድሞ የሚሰማ መቀበያ ነው። ቀጥሎ ያንን ራዳር የሚያውክ መሣሪያ ይመጣል። ከዚያ በሮኬት ወደ ሰማይ የሚበተን ስስ የብረት ብጥስጣሽ፣ ለሚሳኤሉ ዐይን መርከብ መስሎ የሚታይ ደመና ይሠራል። የመጨረሻው ፈጣን መድፍ ነው። ኦክቶበር 6 ለ7 አጥቢያ 1973 ላታኪያ ፊት ለፊት አምስት የእስራኤል ጀልባዎች አምስት የሶርያ መርከቦችን አሰጠሙ፤ ከሁለት ሌሊት በኋላ በባልቲም ሦስት የግብፅ ሚሳኤል ጀልባዎች ሰመጡ። በጦርነቱ ከተተኮሱባቸው ከሃምሳ የበለጡ የስቲክስ ሚሳኤሎች አንዱም አልመታቸውም።

ምጽዋን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሚሳኤል በዐይናቸው ሳያዩት አልቀሩም። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ኦሳ የሚባሉ ጀልባዎች የተሸከሙት የዚሁን ቤተሰብ ሚሳኤል ነበር። ከዚያ በፊት የንጉሡ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ነበረች፤ ቀድሞ የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን አጋዥ መርከብ «ኦርካ»፣ በጃንዋሪ 1962 የተረከብናት፣ 95 ሜትር የምትረዝም። ብዙዎች ብረት ለበስ አድርገው ያስታውሷታል። ብረት ለበስ አልነበረችም፤ ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፍና ረጅም ጉዞ የምትችል ቀፎ ነበራት። በ1991 ወደ የመን ሄዳ በዚያው ለብረታ ብረት ተሸጠች።

ከራዳር ማወኪያና ከብጥስጣሽ ደመና የተሠራው የማይታይ ድርብ አንድ ድክመት አለው፤ ብረት ሁልጊዜ በቦታው ነው፣ እሱን ግን ሰው ማብራት አለበት። ጁላይ 14 ቀን 2006 ቤይሩት ፊት ለፊት የነበረችው የእስራኤል መርከብ «ሐኒት» ከ«ኢላት» እጅግ የተሻለ መከላከያ ነበራት። ሒዝቦላ መርከብ የሚመታ ሚሳኤል አለው ተብሎ ስላልታሰበ መከላከያዋ ለዚያ ዝግጁ ሆኖ አልበራም። ሚሳኤሉ መታት፤ አራት ባሕርተኞች ሞቱ። መርከቧ ግን በራሷ ወደ አሽዶድ ተመለሰች።

«ዛሬ ጥሩር የሚባል ነገር የለም»

ግማሹ እውነት ነው። እንደ «ያማቶ» ያለ ብረት የለበሰ መርከብ የሚሠራ የለም። ነገር ግን የጥይት ማከማቻውና የትእዛዝ ክፍሉ በፍንጣሪ መከላከያ ይታጠራሉ፤ ኬቭላር የሚባለው ክር የድሮውን የቲክ እንጨት ሥራ ተረክቧል። ቀፎው ውኃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች ይከፋፈላል። ኦክቶበር 12 ቀን 2000 በኤደን ወደብ ፈንጂ የጫነች ጀልባ «ኮል» የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ ጎን 12 በ18 ሜትር ገደማ ሸነቆረችው። 17 ሰዎች ሞቱ። መርከቧ አልሰመጠችም፤ ያተረፏት ግድግዳዎቹና ለቀናት ውኃ ሲቀዱ የሰነበቱት ባሕርተኞች ናቸው። እስራኤል በጀርመን ኪል ያሠራቻቸው የ«ሳዓር 6» መርከቦችም ጋሻቸው የሚመጣባቸውን በአየር ላይ የሚመታው ሲ ዶም ነው፤ በኤፕሪል 2024 ኢላት ከተማ አካባቢ ድሮን መትቶ ጥሏል።

«ማማድ ሚሳኤል ይመልሳል»

ይህ የመርከብ ጥያቄ አይደለም፤ ግን ከመርከብ ወሬ ቀጥሎ ሁልጊዜ ይመጣል፤ መልሱም ያው ነው። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በወጣው ደንብ በአዳዲስ ቤቶች የሚሠራው የመጠለያ ክፍል፣ ማማድ፣ ራሱ ድርብ ጥሩር ነው፤ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የአርማታ ግድግዳ፣ የብረት በር፣ በመስኮቱ ላይ የሚዘጋ የብረት መዝጊያ። የተሠራው ለፍንዳታ ግፊት፣ ለፍንጣሪና ለሚደረመስ ግድግዳ ነው። በብዙ መቶ ኪሎ የሚቆጠር ፈንጂ የተሸከመ ባሊስቲክ ሚሳኤል በቀጥታ ከመታው አይችለውም። ጁን 16 ቀን 2025 እዚሁ ፔታ ቲክቫ ውስጥ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ በቀጥታ ተመትቶ አራት ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ መካከል ማማድ ውስጥ የተጠለሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «እንግዲያው ማማድ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አልጠፋም። ቀጥተኛ ምት የሚያገኘው ሕንፃ አንድ ሲሆን ግፊቱና ፍንጣሪው የሚደርስባቸው ደግሞ በዙሪያው ያሉት ብዙ ሕንፃዎች ናቸው፤ በእነዚያ ውስጥ ክፍሉ የታሰበለትን ሥራ ይሠራል፤ የሚሠራውም ከባዱ የብረት መዝጊያ ከተሳበና የበሩ እጀታ እስከ መጨረሻው ከተቆለፈ ነው። ለብርሃን ሲባል መስታወቱን ብቻ ዘግቶ ብረቱን ክፍት መተው በሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ጥሩር መስታወት ብቻ ነው።